ፕሮቶን፣ ኒውትሮን፣ ኤሌክትሮን፦ ያላለቀ የማንነት ምርመራ

አቶም ከምን ከምን ተሠራ ተብሎ የተጠየቀ ተማሪ ሦስት ስሞችን ሳያመነታ ይደረድራል። ፕሮቶን ፖዘቲቭ፣ ኤሌክትሮን ኔጋቲቭ፣ ኒውትሮን ቻርጅ አልባ፤ ሁለቱ ከባዶች አስኳሉ ውስጥ፣ ቀላሉ ኤሌክትሮን ከውጭ። ለፈተና ይህ መልስ እንከን አይወጣለትም። ችግሩ ይህ ዝርዝር ዶሴው የተዘጋ ጉዳይ መምሰሉ ላይ ነው። ከሦስቱ የአንዱ ስፋት ከ2010 ጀምሮ የፊዚክስ ሊቃውንትን ሲያነታርክ ኖሯል። የሌላው ዕድሜ ደግሞ በሁለት መንገድ ሲለካ ሁለት የተለያዩ መልሶች ይሰጣል፤ ልዩነቱም እንዲሁ የልኬት ስህተት ነው ተብሎ የሚታለፍ ዓይነት አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት የታወቀ ነገር ዛሬ እንዴት ይህን ያህል ያከራክራል? መልሱ ያለው ቅንጣቶቹ በተለዩበት መንገድ ውስጥ ነው ባይ ነኝ። ኤሌክትሮንን፣ ፕሮቶንን ወይም ኒውትሮንን በዓይኑ አይቶ የለየ ሰው የለም። ሲገፉ ወዴት እንደሚታጠፉ፣ ሲጋጩ ምን እንደሚያስፈነጥሩ፣ ተይዘው ሲቀመጡ ስንት ጊዜ እንደሚቆዩ ተለክቶ ነው «እገሌ ነው» የተባሉት። በሥራው የታወቀ ነገር አዲስ ሥራ ሲሰጡት አዲስ ጠባይ ሊያሳይ ይችላል። የሦስቱ ቅንጣቶች ታሪክ፣ ያለፈውም የአሁኑም፣ ከዚህ አይወጣም።

የቶምሰን ድፍረት

በ1897 ጄ. ጄ. ቶምሰን በካምብሪጅ ካቬንዲሽ ቤተ ሙከራ አየሩ ተመጥጦ በወጣ የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ የሚሄደውን የካቶድ ጨረር ይመረምር ነበር። ጨረሩ በማግኔት እንደሚታጠፍ አስቀድሞ ይታወቃል። በኤሌክትሪክ መስክ ግን አይታጠፍም ተብሎ ነበር፤ ታላቁ ሄንሪክ ኸርትስ ሞክሮ ምንም አላየምና። ቶምሰን የሚያደናቅፈው ቱቦው ውስጥ የቀረው ጋዝ መሆኑን ተረዳ። ጋዙን አጥብቆ ሲያስወጣው ጨረሩ ታጠፈ። ከሁለቱ መታጠፎች ተነሥቶ የጨረሩ ቻርጅ ለመጠነ ቁሱ ሲካፈል የሚሰጠውን ቁጥር አሰላ። ቁጥሩ ከሃይድሮጂን አዮን ከሚገኘው ከሺህ እጥፍ በላይ በለጠ።

ይህ ብቻውን ማንነትን አይነግርም። ወይ ቻርጁ እጅግ ትልቅ ነው፣ ወይ መጠነ ቁሱ እጅግ ትንሽ ነው። ነገሩን የቆረጠው ሌላ ነጥብ ነበር፤ ካቶዱ ከአሉሚኒየም ይሁን ከፕላቲኒየም፣ ቱቦው ውስጥ የቀረው ጋዝ ይህ ይሁን ያ፣ ቁጥሩ አይለወጥም። ከየትኛውም ብረት የሚወጣው ያው አንድ ነገር ከሆነ ያ ነገር በሁሉም ብረት ውስጥ አለ ማለት ነው። አቶም አይከፈልም የሚለው የቆየ እምነት የፈረሰው በዚህች ቁጥር ግትርነት ነው።

በዚያው ዓመት ዋልተር ካውፍማን የሚባል ጀርመናዊ ፊዚሲስት በርሊን ውስጥ ያንኑ ቁጥር ለክቶ ነበር። ልኬቱ ከቶምሰን ይልቅ ዛሬ ለምናውቀው ዋጋ የቀረበ ነው። ጋዙና ብረቱ ሲለወጥ ቁጥሩ እንደማይለወጥም አይቷል። ይሁን እንጂ «ይህ ከአቶም ያነሰ ቅንጣት ነው» ብሎ ለመጻፍ አልደፈረም፤ በዓይን የማይታይ ነገር አለ ብሎ መናገር በዘመኑ በብዙ የጀርመን ምሁራን ዘንድ እንደ ግምት እንጂ እንደ ሳይንስ አይቆጠርም ነበር። ስለዚህ የመማሪያ መጻሕፍት ካውፍማንን አያነሡም። መለካትና መለየት አንድ እንዳልሆኑ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም፤ ሌላ ማስረጃ ግን ከታች ይመጣል።

የቀረውን አሜሪካዊው ሮበርት ሚሊካን ሞላው። ከ1909 ጀምሮ ጥቃቅን የዘይት ጠብታዎችን በኤሌክትሪክ መስክ አንሳፎ እያየ ቻርጅ የሚመጣው በአንድ ትንሽ መጠን ብዜት ብቻ መሆኑን አሳየ። ያ መጠን ከታወቀ፣ ከቶምሰን ቁጥር ጋር ተዳምሮ የኤሌክትሮን መጠነ ቁስ የፕሮቶን 1/1836 እንደሆነ ይወጣል። ከዚያ በኋላ የኤሌክትሮን ታሪክ ሌላ አቅጣጫ ያዘ። የቶምሰን ልጅ ጆርጅ ቶምሰን ኤሌክትሮን በቀጭን ብረት ውስጥ ሲያልፍ እንደ ሞገድ እንደሚበተን አሳይቶ በ1937 ኖቤል ተሸለመ። አባትየው በ1906 የተሸለመው በጋዞች ውስጥ ስለሚያልፍ ኤሌክትሪክ ባደረገው ምርምር ነበር፤ ስሙ የሚነሣው ግን ኤሌክትሮን ቅንጣት መሆኑን በማሳየቱ ነው። አባትና ልጅ ተቃራኒ የሚመስል ነገር ይዘው ሁለቱም አልተሳሳቱም። ዛሬ ከሦስቱ ቅንጣቶች ውስጣዊ አካል ያልተገኘለት ኤሌክትሮን ብቻ ነው፤ በየትኛውም ጉልበት ቢመታ ስፋት አላሳየም። ክርክሩ የከበደው ከዚያ ይልቅ አስኳሉ ውስጥ ባሉት በሁለቱ ላይ ነው።

ከቤሪሊየም የወጣው ጨረር

ስለ አስኳሉ መገኘት በአጭሩ እንለፍ፤ ታሪኩ በየትምህርት ቤቱ ይነገራል። በ1909 ማንቸስተር ውስጥ ሃንስ ጋይገርና ገና ተማሪ የነበረው ኧርነስት ማርስደን የአልፋ ቅንጣቶችን፣ ማለትም ከራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮች የሚወጡ ፖዘቲቭ ቅንጣቶችን፣ በስስ የወርቅ ቅጠል ላይ ለቀቁ። አብዛኛው ሰንጥቆ አለፈ፤ እጅግ ጥቂቱ ግን ወደ ኋላ ተመለሰ። አለቃቸው ኧርነስት ራዘርፎርድ በ1911 ይህን ተርጉሞ የአቶም መጠነ ቁስ ከሞላ ጎደል ሁሉ መካከል ላይ በጠበበ አስኳል ተከማችቷል አለ። በመማሪያ መጻሕፍት ያለው ሥዕል ይህን መጠን ማሳየት አይችልም። የሃይድሮጂንን አስኳል አንዲት ፍሬ ጤፍ ብናደርገው ኤሌክትሮኑ የሚገኝበት ክልል ከዳር እስከ ዳር ስልሳ ሜትር ያህል ይሰፋል።

ራዘርፎርድ በ1919 ናይትሮጅንን በአልፋ መትቶ የሃይድሮጂን አስኳል ሲወጣ አየ፤ በማግስቱ ዓመትም ፕሮቶን የሚለው ስም ወጣለት። ከዚያ ቀደም ብሎ ሄንሪ ሞዝሊ የሚባል ወጣት እንግሊዛዊ የንጥረ ነገሮችን ኤክስሬይ ለክቶ የአንድን ንጥረ ነገር ማንነት የሚወስነው ክብደቱ ሳይሆን የአስኳሉ ቻርጅ መሆኑን በ1913 አረጋግጦ ነበር። አርጎን ከፖታሲየም በአማካይ ይከብዳል፤ ቢሆንም በንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ ላይ ይቀድመዋል። ምክንያቱም አርጎን 18 ፕሮቶን፣ ፖታሲየም 19 ፕሮቶን ስላላቸው ነው። ሞዝሊ በ1915 ጋሊፖሊ ላይ በጦርነት ሞተ፤ ዕድሜው 27 ነበር። እነዚህን ሁለት ንጥረ ነገሮች፣ አርጎንንና ፖታሲየምን፣ አንባቢ ያስታውስልኝ።

እዚህ ላይ አንድ ስሌት አልገጥም አለ። ናይትሮጅን መጠነ ቁሱ 14፣ የአስኳሉ ቻርጅ 7 ነው። ያኔ የሚታወቁት ቅንጣቶች ሁለት ብቻ ስለነበሩ አስኳሉ 14 ፕሮቶንና 7 ኤሌክትሮን ይዟል ተባለ፤ ሰባቱ ኤሌክትሮኖች የሰባት ፕሮቶኖችን ቻርጅ ያጣፋሉ። ድምሩ 21፣ ጎዶሎ ቁጥር። የኳንተም ሕግ ደግሞ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውና ሙሉ ቁጥር ያላቸው የቅንጣት ስብስቦች በተለያየ መንገድ እንደሚጠባዩ ይናገራል። በ1920ዎቹ መጨረሻ የናይትሮጅን ሞለኪውል ብርሃን ሲመረመር አስኳሉ የሙሉ ቁጥር ጠባይ አሳየ። ይህች ጥቃቅን የምትመስል አለመግባባት የአስኳሉ ሥዕል ከሥር መሳሳቱን የምትናገር ነበረች። ብዙዎች ሰምተዋታል፤ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ግን አላወቁም።

በ1930 ጀርመን ውስጥ ቫልተር ቦቴና ኸርበርት ቤከር ቤሪሊየምን በአልፋ ሲመቱ ቻርጅ የሌለው፣ ወፍራም እርሳስ ሰንጥቆ የሚያልፍ ጨረር አገኙ። ጋማ፣ ማለትም እንደ ብርሃን ያለ ግን እጅግ ኃይለኛ ጨረር፣ መሰላቸው። በጥር 1932 ፓሪስ ውስጥ የማሪ ኩሪ ልጅ ኢሬንና ባለቤቷ ፍሬዴሪክ ዦሊዮ ይህን ጨረር ሃይድሮጂን በሞላበት በፓራፊን ሰም ላይ ቢለቁት ፕሮቶኖችን እያስፈነጠረ አወጣ። ግኝቱ ድንቅ ነበር። ትርጓሜያቸው ግን ጨረሩ ኃይለኛ ጋማ ነው የሚል ሆነ።

ጄምስ ቻድዊክ ካምብሪጅ ላይ ጽሑፋቸውን አንብቦ ወዲያውኑ ሥራ ጀመረ። ያደረገው ነገር በመሠረቱ የሒሳብ ምርመራ ነው። ፕሮቶኖቹን በዚያ ፍጥነት ያስፈነጠረው ጋማ ከሆነ ጉልበቱ 55 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት (የቅንጣቶች ጉልበት የሚለካበት አሃድ) ገደማ መሆን አለበት። አልፋና ቤሪሊየም ሲጋጩ ሊወጣ የሚችለው ጉልበት ግን ቢበዛ 14 ያህል ነው። ይህ ብቻ አይደለም። ቻድዊክ ያንኑ ጨረር በናይትሮጅን ላይ ቢለቀው፣ የናይትሮጅኑን መፈናጠር ለማስረዳት ጋማው 90 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ሊኖረው ግድ ሆነ። አንድ ጨረር የሚመታው ነገር በከበደ ቁጥር ጉልበቱ እየጨመረ ሊሄድ አይችልም፤ ጉልበቱ የራሱ እንጂ የተመቺው አይደለም። በጋማው ፋንታ መጠነ ቁሱ ከፕሮቶን ጋር የተቀራረበ፣ ቻርጅ የሌለው ቅንጣት ነው ብንል ግን ፕሮቶኑም ናይትሮጅኑም በአንድ ስሌት ይስማማሉ። ቻድዊክ በየካቲት 1932 ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ ኒውትሮን ሊኖር እንደሚችል በጥንቃቄ በተመረጡ ቃላት አስታወቀ።

የፓሪሶቹ ባለትዳሮች ሰነፎች አልነበሩም። መረጃውን መጀመሪያ ያገኙት እነርሱ ናቸው፤ በ1935ም በሌላ ሥራ ኖቤል ተሸልመዋል፣ ቻድዊክ በፊዚክስ በተሸለመበት በዚያው ዓመት። ልዩነቱ ቻድዊክ የሚፈልገውን ነገር አስቀድሞ ማወቁ ላይ ነው። ራዘርፎርድ ቻርጅ አልባ ቅንጣት ሊኖር እንደሚችል በ1920 ተናግሮ ነበር፤ ቻድዊክም ለዓመታት ሲያድነው ኖሯል። እንደ ካውፍማን ሁሉ እዚህም ቁጥሩ በእጅ ነበር፤ ስም የሚሰጠው ጠፋ።

የመማሪያ መጻሕፍት ደግሞ የማይነግሩን ቀጣይ ክፍል አለ። ቻድዊክ ራሱ ኒውትሮንን መጀመሪያ ላይ የተጣበቁ ፕሮቶንና ኤሌክትሮን አድርጎ ገምቶ ነበር። ይህ ከሆነ የናይትሮጅን ችግር አልተፈታም ማለት ነው። ኒውትሮን ራሱን የቻለ ቅንጣት መሆኑ የጠራው በ1934 ቻድዊክና ሞሪስ ጎልድሃበር የከባድ ሃይድሮጂንን አስኳል (አንድ ፕሮቶንና አንድ ኒውትሮን የያዘውን) በጋማ ሰንጥቀው የኒውትሮንን መጠነ ቁስ በትክክል ሲለኩ ነው። ኒውትሮን ከፕሮቶንና ከኤሌክትሮን ድምር ይከብዳል። ሁለት ነገሮች ተሳስበው ሲጣበቁ ጉልበት ስለሚያጡ ከድምራቸው ይቀልላሉ እንጂ አይከብዱም። ስለዚህ ኒውትሮን የሁለቱ ጥምር አይደለም። ናይትሮጅንም 7 ፕሮቶንና 7 ኒውትሮን፣ በድምሩ 14፣ ሆኖ አረፈ።

ሐዳር ላይ የቆጠረው ሰዓት

ይህ ሁሉ ከኑሮ የራቀ ጨዋታ ለሚመስለው ሰው ድንቅነሽ መልስ ትሰጠዋለች። በ1974 አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ የተገኘችው ይህች ቅሪተ አካል 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይሆናታል ሲባል አጥንቷ ተለክቶ አይደለም። የተለካው ከአጥንቷ በላይና በታች በተነጠፉት የእሳተ ገሞራ አመዶች ውስጥ ያለው አርጎን ነው። አሠራሩ ደግሞ ሦስቱን ቅንጣቶች በየስማቸው ይጠራል።

ፖታሲየም 40 በውስጡ 19 ፕሮቶንና 21 ኒውትሮን አለው። ከመቶ አሥራ አንድ ያህሉ ከራሱ ኤሌክትሮኖች አንዱን ወደ አስኳሉ ይስብና አንድ ፕሮቶን ወደ ኒውትሮን ይለወጥበታል። ፕሮቶኑ 18፣ ኒውትሮኑ 22 ይሆናል፤ ሞዝሊ እንዳሳየውም የፕሮቶን ቁጥር ሲለወጥ ንጥረ ነገሩ ራሱ ይለወጣልና ፖታሲየሙ አርጎን ሆነ። የተቀረው በሌላ መንገድ ወደ ካልሲየም ይሄዳል። የፖታሲየም 40 ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም ካለው ግማሹ የሚለወጥበት ጊዜ፣ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ነው። ከእሳተ ገሞራ የወጣ ትኩስ ቋጥኝ በውስጡ የነበረውን አርጎን ይለቅቃል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ የሚወለደው አርጎን ግን ማዕድኑ ውስጥ ታስሮ ይቀራል። የታሰረውን መቁጠር ዘመኑን መቁጠር ነው።

ዘዴው ተሻሽሎ ዛሬ የሚሠራበት መልክ ይበልጥ ይገርማል። ማዕድኑ ወደ ኒውክሌር ማብላያ ይገባል፤ እዚያ የሚርመሰመሱት ኒውትሮኖች የተራውን ፖታሲየም 39 አስኳል እየመቱ ፕሮቶን አስወጥተው ራሳቸው ቦታውን ይይዛሉ፤ አርጎን 39 ይፈጠራል። አሁን ፖታሲየሙም አርጎን ሆኖ ስለሚለካ ሁለቱን በአንድ መሣሪያ፣ በአንዲት ቅንጣት ማዕድን ላይ ማነጻጸር ይቻላል። የቻድዊክ ኒውትሮን ባይለይ ኖሮ የሐዳር አመድ ዕድሜ በዚህ ጥራት አይነገርም ነበር። ተማሪዎቻችን አይሶቶፕ (የፕሮቶን ቁጥራቸው አንድ፣ የኒውትሮን ቁጥራቸው የተለያየ አቶሞች) የሚለውን ርዕስ በሩቅ አገር ምሳሌ ሲማሩ ባየሁ ቁጥር ይቆጨኛል፤ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከደጃችን አለ።

ፕሮቶን ስንት ነው?

እስከ 1960ዎቹ ድረስ ፕሮቶን የመጨረሻው ጡብ ነው ብሎ ማመን ይቻል ነበር፤ ቢሆንም ጥርጣሬው ጀምሮ ነበር። ሮበርት ሆፍስታተር በ1950ዎቹ ስታንፎርድ ላይ ፕሮቶን ነጥብ ሳይሆን ስፋት ያለው ነገር መሆኑን አሳይቷል። በ1964 መሪ ጌልማንና ጆርጅ ዝዋይግ በየበኩላቸው ፕሮቶንና ኒውትሮን ሦስት ሦስት ጥቃቅን ነገሮችን ይዘዋል አሉ፤ ኳርክ ተባሉ። ቻርጃቸው የኤሌክትሮን ሁለት ሦስተኛ ወይም አንድ ሦስተኛ መሆኑ ለብዙዎች ቀልድ መሰላቸው። ሚሊካን ቻርጅ አይሸረፍም ብሎ አልነበረም? በ1968 ግን ካሊፎርኒያ ውስጥ ሦስት ኪሎ ሜትር በሚረዝመው ማፍጠኛ ኤሌክትሮኖች በፕሮቶን ላይ ሲወነጨፉ ከሚጠበቀው በላይ በሰፊ አንግል ተበተኑ፤ ልክ አልፋ ከወርቁ አስኳል እንደተመለሰው። ውስጡ ጠጣር ነገር አለ። ጀሮም ፍሪድማን፣ ሄንሪ ኬንዳልና ሪቻርድ ቴይለር በዚህ ሥራ በ1990 ኖቤል ተሸለሙ።

ነጠላ ኳርክ ግን ማንም ለብቻው አውጥቶ አላሳየም። ለመነጠል የሚወጣው ጉልበት ራሱ አዳዲስ ኳርኮችን ስለሚፈጥር ሁልጊዜ ተጣምረው ይወጣሉ። እንግዲህ «አቶም የተሠራው ከምንድን ነው» ለሚለው ጥያቄ ኤሌክትሮን፣ አፕ ኳርክ እና ዳውን ኳርክ ብሎ መመለስም ይቻላል። ሆኖም ይህም አያረካም፤ እንዲያውም ችግር ይጨምራል። የፕሮቶን መጠነ ቁስ በጉልበት አሃድ ሲገለጽ 938 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ነው። የሦስቱ ኳርኮች የራሳቸው መጠነ ቁስ ቢደመር ዘጠኝ ገደማ ብቻ ይሆናል፤ ከመቶ አንድ። የተቀረው ዘጠና ዘጠኝ እጅ ኳርኮቹ በጠባብ ቦታ ታግተው ከሚራወጡበት፣ ግሉዎን የሚባሉት አጣባቂ ቅንጣቶችም ከተሸከሙት ጉልበት የሚመጣ ነው። የአቶምን ክብደት ፍለጋ ወደ ታች የወረደ ሰው በመጨረሻ የሚያገኘው ይበልጡን ጉልበት ነው። ለእኔ ከዘመናዊ ፊዚክስ ግኝቶች ሁሉ ይህን ያህል ያልተነገረለት የለም።

አሁን ወደ ስፋቱ እንምጣ። ፕሮቶን ጠርዝ የለውም፤ የቻርጁ ስርጭት እየሳሳ ነው የሚያልቀው። ቢሆንም የስርጭቱን መካከለኛ ሬዲየስ መለካት ይቻላል። ኤሌክትሮን በመወንጨፍም ሆነ የሃይድሮጂንን ብርሃን በመመርመር 0.877 ፌምቶሜትር ገደማ ይገኝ ነበር፤ አንድ ፌምቶሜትር የሚሊሜትር ትሪሊዮንኛ ነው። በ2010 ስዊዘርላንድ ፓውል ሼረር ተቋም ውስጥ በራንዶልፍ ፖል የሚመራ ቡድን ኤሌክትሮኑን በሙዎን ተካው። ሙዎን በሁሉ ነገር ኤሌክትሮንን ይመስላል፤ የሚለየው 207 ጊዜ መክበዱ፣ ደግሞም ከሰከንድ ሁለት ሚሊዮንኛ ገደማ በላይ አለመቆየቱ ነው። ስለሚከብድ ፕሮቶኑን ተጠግቶ ይዞራል፤ ፕሮቶኑ ውስጥ የመገኘት ዕድሉም ከኤሌክትሮን ሚሊዮን እጥፎች ይበልጣል። ስለዚህ የፕሮቶኑን ስፋት አጥርቶ ያሳያል። የተገኘው 0.8418 ነበር።

አራት በመቶ ቅናሽ ብዙ አይመስል ይሆናል። ሁለቱም ወገኖች የስህተት ወሰናችን ነው ካሉት ጋር ሲነጻጸር ግን ገደል ነው። ሙዎንን ከኤሌክትሮን ለይቶ የሚያይ ያልታወቀ ኃይል ተገኘ ይሆን ተብሎ የጽሑፍ ጎርፍ ወረደ። ከዚያም አዳዲስ ልኬቶች መጡ። በ2017 ጀርመን ጋርሺንግ ላይ በተራ ሃይድሮጂን የተደረገው ትንሹን መልስ ሰጠ። በ2018 ፓሪስ ላይ የተደረገው ትልቁን። በ2019 ቶሮንቶ ላይ የተደረገው እንደገና ትንሹን። በዚያው ዓመት አሜሪካ ጀፈርሰን ቤተ ሙከራ ኤሌክትሮን በመወንጨፍ 0.831 አገኘ። የዓለም አቀፍ ቋሚ ቁጥሮችን የሚያወጣው ኮሚቴም ዋጋውን ወደ 0.841 አወረደው።

ጉዳዩ እዚህ ላይ አልቋል የሚሉ አሉ። እኔ ግማሹ እንጂ ሙሉው አላለቀም ባይ ነኝ። ትልቁን ዋጋ የሰጡት የድሮ ልኬቶች በትክክል የቱ ላይ እንደሳቱ ሁሉም የተስማሙበት ማብራሪያ አልተገኘም። ድምፅ ተቆጥሮ የተሸነፈ ልኬት ስህተቱ ከተገኘበት ልኬት ይለያል። ለዚህም ነው ስዊዘርላንድ ውስጥ ሙዎንንና ኤሌክትሮንን በአንድ መሣሪያ በፕሮቶን ላይ እየወነጨፈ የሚያነጻጽር ሙከራ የተዘረጋው። ልዩነት ካለ ሁለቱም ጎን ለጎን ስለሚለኩ መሣሪያውን ማማረር አይቻልም።

አሥር ሰከንድ

ኒውትሮን አስኳል ውስጥ ሲሆን እንደ አስኳሉ ዓይነት ለዘላለም ሊኖር ይችላል። ነፃ ሲወጣ ግን ሩብ ሰዓት አይሞላውም፤ ፕሮቶን፣ ኤሌክትሮንና አንቲኒውትሪኖ የሚባል ቻርጅ አልባ እጅግ ቀላል ቅንጣት ሆኖ ይፈርሳል። አማካይ ዕድሜው ስንት ነው ለሚለው ሁለት መልስ አለ።

አንደኛው የጠርሙስ ዘዴ ይባላል። ኒውትሮኖች እጅግ ቀዝቅዘው፣ በሰከንድ ጥቂት ሜትር ብቻ እስኪጓዙ ድረስ ቀስ ብለው፣ በማግኔትና በመሬት ስበት በታጠረ ዕቃ ውስጥ ይቀመጣሉ። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ የተረፉት ይቆጠራሉ። ሎስ አላሞስ ላይ በ2021 የወጣው ውጤት 877.75 ሰከንድ ነው፤ የስህተት ወሰኑ ከግማሽ ሰከንድ በታች ነው። ሁለተኛው የፍሰት ዘዴ ነው። የኒውትሮን ጅረት በወጥመድ ውስጥ ያልፋል፤ በመንገድ ላይ የፈረሱት የተዉት ፕሮቶን ተይዞ ይቆጠራል። የአሜሪካ የመለኪያና ቴክኖሎጂ ብሔራዊ ተቋም በ2013 ያወጣው 887.7 ሰከንድ ነው። አንዱ የተረፈውን፣ ሌላው የሞተውን ይቆጥራል። ሁለቱ መጣጣም ሲገባቸው አሥር ሰከንድ ተለያዩ።

የአሥር ሰከንድ ጣጣ ሩቅ ይሄዳል። ዩኒቨርስ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ኒውትሮኖች ሳይፈርሱ ወደ ሂሊየም ለመግባት ይሽቀዳደሙ ነበር። ያኔ ከተፈጠረው ተራ ቁስ ሩብ ገደማው በክብደት ሂሊየም የሆነው ይህ ሽቅድምድም በዚያ ፍጥነት ስለተካሄደ ነው። የኒውትሮን ዕድሜ ሲዛነፍ ስሌቱ አብሮ ይዛነፋል።

በ2018 ባርቶሽ ፎርናልና ቤንጃሚን ግሪንስታይን ደፋር ሐሳብ አቀረቡ። ምናልባት ከመቶ ኒውትሮን አንዱ ፕሮቶን ሳይተው ወደማይታይ ጨለማ ቁስ ይፈርስ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ጠርሙሱ መጥፋቱን ይቆጥራል፤ ፕሮቶን የሚጠብቀው ግን ያመልጠዋል፣ ዕድሜውም ረዝሞ ይታየዋል። ሐሳቡ ያምራል፤ ተፈትኖም ቆስሏል። በፍርሰቱ ይወጣል የተባለው ጋማ በዚያው ዓመት ሎስ አላሞስ ላይ ተፈልጎ አልተገኘም፤ የኒውትሮን ከዋክብት (ይበልጡን ከኒውትሮን የተሠሩ እጅግ የታመቁ ከዋክብት) ክብደትም ሐሳቡን በቀላሉ አይቀበለውም።

ሦስተኛው መንገድ ከጃፓን ነው የመጣው። ጄ ፓርክ በተባለው የምርምር ማዕከል ያለው ሙከራም ጅረት ነው የሚጠቀመው፤ የሚቆጥረው ግን ፕሮቶኑን ሳይሆን ከፍርሰቱ የሚወጣውን ኤሌክትሮን ነው። በ2024 መጨረሻ ይፋ የሆነው ውጤት 877 ሰከንድ ገደማ ሲሆን ከጠርሙሱ ጎን ቆሟል። የስህተት ወሰኑ ገና ጥቂት ሰከንዶች ስለሆነ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። ግን ጥርጣሬው ወደ አንድ ጎን አጋድሏል። ኒውትሮን ወደ ጨለማ ቁስ የሚያመልጥ ቢሆን ኤሌክትሮን ቆጣሪውም እንደ ፕሮቶን ቆጣሪው ረጅም ዕድሜ ማየት ነበረበት፤ አላየም። የቀረው ጥያቄ አሜሪካ ያለው ወጥመድ ከፕሮቶኖቹ ጥቂቱን ሳይቆጥር ያሳልፍ ነበር ወይ የሚለው ነው፤ ወጥመዱም ሆነ መቁጠሪያው ሰፍቶ እንደገና የሚሠራበት ሙከራ እየተዘጋጀ ያለው ለዚሁ ነው።